የአያት ሳጥን ስንት ያወጣል?

ወሎ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ሲያርፍ፣ ሰደቃው ወይም ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሳጥን ይከፈታል። የሚወጣው ነገር ከቤት ቤት ይመሳሰላል። በአቡጀዴ የተጠቀለለ ድሪ። ሁለት ሦስት ጠገራ ብር። ከንፈሩ የተሸረፈ ስኒ። ከእጅ ብዛት የጠቆረ መቁጠሪያ። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፎቶ። ዕድለኛ ቤት ከሆነ ደግሞ የብራና ዳዊት ወይም በእጅ የተጻፈ ኪታብ። በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ ለሐዘኑ የመጣ የልጅ ልጅ ይጠይቃል፦ «ይሄ አሁን ስንት ያወጣል?»

አክስቶች ይቆጣሉ። «የእማማን ዕቃ ልትሸጥ ነው?» ይባላል። ልጁ አፍሮ ዝም ይላል።

እኔ ጥያቄው ነውር ያለበት አይመስለኝም። ችግሩ አንድ መልስ ብቻ ያለው መምሰሉ ነው። አንድ የቆየ ዕቃ ላይ ቢያንስ አራት ዋጋ ተደራርቦ ይቀመጣል። የመጀመሪያው የተሠራበት ነገር ዋጋ ነው፤ ብሩ፣ ነሐሱ፣ እንጨቱ። ሁለተኛው ሰብሳቢ የሚከፍለው ነው። ሦስተኛው ሕግ ለዕቃው የሚሰጠው ቦታ ነው። እሱ በገንዘብ አይቆጠርም፣ ግን ሊያሳስር ይችላል። አራተኛው ለቤተሰቡ ያለው ክብደት ነው። አብዛኛው ጭቅጭቅም፣ አብዛኛው ኪሳራም የሚመጣው አንዱን በሌላው ሚዛን ስንመዝን ነው።

ከጠገራው እንጀምር

በሳጥኖቻችን ውስጥ እንደ ጠገራ ብር ሰው የሚያሳስት ዕቃ የለም። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ምስል አለ። በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፣ ዳር ላይ ደግሞ 1780 የሚል ዓመት። ይህን ያየ ሁሉ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ብር ነው» ብሎ ይነሳል።

ላይሆን ይችላል። ሴትዮዋ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሩ ግን በቀይ ባሕር ንግድ በጣም ተወዶ ስለነበር፣ እሷ ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። የእኛም የዓረቡም ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ፈርጦቹ ጎልተው ካልታዩት ብሩን የሚመልስ ሰው ነበር። ስለዚህ ቪየና መታችው። ኋላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መቱት። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። «የ1780» ብራችሁ ከአያታችሁ በዕድሜ ላይበልጥ ይችላል ማለት ነው።

ዋጋውስ? አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ወደ 23.4 ግራም ይመጣል። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በዚህ አባዙት። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ የሚጠራ ሰው ሊበላችሁ ነው። ከዚያ እጅግ ከፍ አድርጎ የሚገዛም በቀላሉ አታገኙም። በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ነገር ብርቅ አይሆንማ። የምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። ፓሪስ የተመታ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት፣ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር የተጻፈ። ቁጥሩ ከማሪያ ቴሬዛው ጋር አይወዳደርም። ሰብሳቢ ይፈልገዋል፣ በተለይ ምስሉ ያልተላላጠውን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰብሳቢ የሚወደው ያልተነካ ሳንቲም ነው። የተበሳ፣ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለእሱ ተበላሽቷል፤ ዋጋው ወደ ብሩ ክብደት ይወርዳል። ለቤቱ ግን ዋናው ነገር ያ ቀዳዳ ነው። እማማ ሲዳሩ አባታቸው ያስበሱላቸው፣ ወይም የበኩር ልጃቸው አንገት ላይ ያሰሩለት ነው። ገበያው ጉድለት ብሎ የሚቀንሰው ቦታ ላይ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ተቀምጧል። ይህ በጠገራ ብቻ አያበቃም። የተሸረፈው ስኒም፣ የተጠገነው ገበቴም፣ ጥጉ በዕንባ ይሁን በዝናብ የደበዘዘው ፎቶም እንዲሁ ናቸው።

ባቲ ያልሄደው ድሪ

ድሪ፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል፣ የክታብ መያዣ። ከቆየው የብር ጌጥ አብዛኛው ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ነው። ደንበኛው ብሩን ይዞ አንጥረኛ ዘንድ ይሄዳል፣ አንጥረኛው ያቀልጣል፣ የእጁን ይቀበላል። ሚዛኑ ወቄት ነበር፣ አንዱ ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት። ስለዚህ ጌጥ የሴቲቱ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የራሷ ጥሪት ነው። ባል ቢሞት፣ ትዳር ቢፈርስ፣ ዘመን ቢከፋ አንገቷ ላይ አለ።

ዘመን ሲከፋ የት እንደሚሄድ ደግሞ ወሎዬ ያውቃል። ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው ይወርዳል፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ይገናኛል። ከከብቱና ከእህሉ ጎን ጌጥና ዶቃ ይሸጣል። ለነገሩ እዚያ የሚታየው ቢጫ ትላልቅ ዶቃ ሁሉ አምበር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በፋብሪካ የተሠራ ፕላስቲክ መሰል ዶቃ በብዛት ገብቷል። ብዙ ጨው ያሟሟችሁበት ውሃ ውስጥ ጣሉት። እውነተኛው አምበር ይንሳፈፋል፣ ባኬላይት የሚባለው ይሰምጣል። የተንሳፈፈ ሁሉ አምበር ነው ማለት አይደለም፣ ገና ያልጠነከረ የዛፍ ሙጫም ይንሳፈፋል። የሰመጠውን ግን አምበር ብላችሁ አትግዙ።

ወደ ድሪው እንመለስ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ አጥንተው ያሳዩት ነገር አለ። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚያስበው አልናረም ነበር። ሰዉን የጣለው የሚገዛበት አቅም ማጣቱ ነው። ሰብሉ ጠፋ፣ ከብቱ ሞተ፣ የተረፈውም ዋጋ አጣ። አገር ሁሉ ሻጭ ሲሆን ገዢ ከየት ይመጣል? ያኔ ከብር ጌጥም ብዙው ሄደ። ከዚያ 1977 መጣ።

ስለዚህ ዛሬ ወሎ ውስጥ አንድ ቤት የቀረ የድሮ ድሪ ተራ ድሪ አይደለም። በሬው ሲሸጥ፣ ጋቢው ሲሸጥ፣ እሱ አልተሸጠም። ለምን? ገዢ ጠፍቶ ነው? ለልጅ መዳሪያ ተብሎ ጎታ ስር ተቀብሮ ነው? ከተማ ያለች እህት ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ነው? ሚዛን ላይ ብታወጡት ይህን አይነግራችሁም። የሚያውቁት እትዬ ናቸው፤ እትዬም ሁልጊዜ አይኖሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ሳጥን ውስጥ መስቀልም የዓረብኛ ኪታብም ብታገኙ አትደንግጡ። ወሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ብዙ ሰው፣ ወዶም ተገዶም፣ ሃይማኖቱን ቀይሯል። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ። አያት በአንዱ፣ የልጅ ልጅ በሌላው የሆነበት ቤት ስንት አለ! ሁለቱን ዕቃዎች ለየብቻ ለሁለት ሰው ብታካፍሉ እያንዳንዳቸው ዕቃ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የቤተሰቡ ታሪክ ናቸው።

ኪታቡን ደግሞ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው አምጥታችሁ አስነብቡት። «የቁርኣን ቁራጭ ነው» ተብሎ የተቀመጠው አንዳንዴ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ ሆኖ ይገኛል። ዓጀም የሚሉት ነው። ጌታ፣ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ የመሳሰሉት የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ቦታዎች ያሉበት አገር ነው፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መገኘቱ ሊገርም አይገባም።

ለምን አዲሱ አይተካውም?

«እማማ ጀበናዋ ተሰበረች ብለው ሦስት ቀን አዘኑ። ሌላ ገዛንላቸው፣ አልወደዱትም።» የሰማችሁት ነገር ነው። ግትርነት ይመስላል፣ ግን የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ዝነኛ ሙከራ አለ። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ ሰጡ። ከዚያ ባለኩባያዎቹን «በስንት ትሸጣላችሁ?» ሌሎቹን «በስንት ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ካሰቡት ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ። ኩባያው ከእጃቸው የገባው ገና አሁን ነው። አያት የሉበትም፣ ትዝታ የለበትም። የእኔ መሆኑ ብቻ ዋጋውን ሰቀለው። እንግዲህ አርባ ዓመት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የተቀዳበትን አስቡት።

ሌላው ሙከራ ከልጆች ጋር ነው። ብሩስ ሁድና ፖል ብሉም ለትንንሽ ልጆች «ማንኛውንም ነገር አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያባዛ ማሽን» አሳዩአቸው። ማሽኑ የማስመሰያ ነበር። ለተራ አሻንጉሊት ልጆቹ ቅጂውን ለመውሰድ አልተቸገሩም። አቅፈው የሚተኙትን ሲሆን ግን አብዛኞቹ ዋናውን መልሱልን አሉ። ጭራሽ ማሽኑ ውስጥ አናስገባም ያሉም ነበሩ። መልኩ አንድ ቢሆንም አንድ አይደለም። እሱን የነካው እጅ፣ ያደረበት ቦታ አብሮት ያለ ይመስለናል።

ስለዚህ አክስቶችን አትሳቁባቸው። ግን እነሱም የሚስቱት ነገር አለ። ይህ ስሜት በደም አይወረስም። እማማ ጀበናውን የወደዱት ከማን ጋር ቡና እንደጠጡበት ስለሚያውቁ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖረው የልጅ ልጅ ይህን ያወራለት ከሌለ፣ ለእሱ ቦታ የሚይዝ ሸክላ ነው። ቁራሌው በር ላይ ሲጮህ ቢያወጣው አይፈረድበትም።

ደላንታ ላይ የተደረገው ጨረታ

በአገራችን ታሪክ ምናልባት ትልቁ የአሮጌ ዕቃ ጨረታ የተካሄደው ወሎ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ መጥቶ ነበር፤ ሙዚየሙ ለዚሁ 1,000 ፓውንድ ሰጥቶታል። የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋውን ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛቸው። ወታደሩ የያዘውን አላወቀም፤ ሆምስ አውቋል። በአሮጌ ዕቃ ንግድ ትርፍ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ አንዱ ያወቀው፣ ሌላው ያላወቀው።

ከዚያ ዝርፊያ ውስጥ ግን ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ወርቁ አይደለም። የንጉሡ ጸጉር ነው። ከሬሳው ላይ የተቆረጠ ጉንጉን ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሚዛን ላይ ቢወጣ ዜሮ ነው። ሆኖም መንግሥት ተቀበለው፣ ሰው አለቀሰ። ይህ ጸጉር የማን መሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ ባይከተለው ኖሮ ጸጉር ነበር፣ በቃ። ሌሎቹ ብዙዎቹ፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎችና ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦታት ጭምር፣ አሁንም እዚያው ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል

«የራሴ ዕቃ፣ ማን ምን አገባው?» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል።

በዓለም አቀፍ የጉምሩክ አመዳደብ አንቲክ የሚባለው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ነው። የእኛ ሕግ ግን ዕድሜ ብቻ አይቆጥርም። ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም ሥነ ጥበባዊ ፋይዳው ከፍ ያለ የሰው እጅ ሥራ ቅርስ ነው ይላል። ግለሰብ ቅርስ ሊኖረው ይችላል፤ አዋጁ አይነጥቅም። ግን ባለቤትነቱ ገደብ አለው። ማስመዝገብ አለ። መጠበቅ አለ። የተመዘገበ ቅርስ ከመሸጡ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ መንግሥትም ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። ቅርስ እየገዙ እየሸጡ መነገድ ክልክል ነው። ለጥናት ወይም ለዐውደ ርእይ ተብሎ በፈቃድ ካልሆነ ከአገር ማውጣትም አይቻልም።

የኋለኛው ብዙ ቤተሰብ ይነካል። ጅዳና ዱባይ ያለች እህት የእናቷን ድሪ ብትጠይቅ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መላክ ቀላል ይመስላል። ቦሌ ላይ ይያዛል። አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ዕቃውን አሳይቶ፣ ቅርስ አለመሆኑን አረጋግጦ ወረቀት መያዝ ነው። ቅርስ ነው ከተባለ ግን እዚሁ ይቀራል። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ የወጣበት ምክንያት አለው። የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ቤልጂየም ውስጥ ሰብሳቢ እጅ ላይ ተገኘ። የተመለሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ዝነኛ ስለሆነ የትም ቢሄድ ይለያል። የእናንተ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን መስቀል ግን ቢጠፋ ማን ይለየዋል?

እርሻ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የተገኘ ነገር ደግሞ የአግኚው አይደለም። ማሳወቅ ነው። አሮጌ ጠመንጃም የራሱ ሕግ አለው። ውጅግራ ይሁን ምንሽር፣ የአርበኛ አያት መታሰቢያ ቢሆንም መሣሪያ ነውና በጦር መሣሪያ አዋጅ ይታያል። ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

ወሬና ሽወዳ

የሲንጀር መኪና ያለው ቤት ይህን አንብቡ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ውስጥ «አሮጌ የሲንጀር ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ» የሚል ወሬ ተነዛ። የመኪናው ዋጋ ሰማይ ነካ። ሰው ስልኩን መርፌው አጠገብ እያስጠጋ ይመረምር ነበር። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ተአምረኛ ነገር የለም። ወሬው ግን አልሞተም፣ ወደ አሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየተዛመተ እኛም ጋ ደርሷል። መኪናው ላይ የተመታውን ተከታታይ ቁጥር ብታዩ ይሻላል። በእሱ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል፣ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ደሴ ሸዋ በር ልብስ ሰፊ የነበሩ አባባ መቼ ሥራ እንደጀመሩ ለመገመት ይረዳል፤ ይህ ከሜርኩሪው ይሻላል።

«የድሮ ሳንቲም በሚሊዮን እንገዛለን» የሚሉ የቴሌግራም ማስታወቂያዎችስ? የቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ገዢ ገዢ አይደለም። በተቃራኒው እናንተ ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ «ጥንታዊ» የሚባለው መስቀልና ክታብ በጭስና በአፈር ያረጀ አዲስ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የብራና ነገር ነው። መጽሐፉን ፈትተው ቅጠል በቅጠል ይቸረችሩታል። ጽሑፉ ላይ አዲስ ሥዕል ሥለው «የጥንት ሥዕል» የሚሉም አሉ። ስድስት መቶ ዓመት የቆየን ነገር በአንድ ከሰዓት መግደል ነው።

አታጽዱት

ሳጥኑ በተከፈተ ማግስት ታላቁ አደጋ ሌባ አይደለም፤ ጽዳት ወዳድ ዘመድ ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ ቪም፣ የብረት ፍቅፍቅ ይመጣል። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁረቱ ስስ ሽፋን ነው፤ ስትፈትጉት ብሩም አብሮ ይሄዳል፣ ቅርጹም ይላላጣል። የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

ፌስታል ጠላት ነው። እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ያመጣል። የእናቶች አቡጀዴ ከፌስታል ይሻላል፤ ጥጥ ስለሆነ ይተነፍሳል። ብራናን ላሚኔት ማድረግ፣ የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ፣ ፎቶን ማጣበቂያ ባለው አልበም መክተት፣ ሦስቱም ኋላ የማይመለስ ጉዳት ነው። መሶብና አገልግል ፀሐይ ላይ ከሰነበቱ ቀለማቸው ይሸሻል። የቀረውን በልምድ ታውቁታላችሁ፤ ከወለል ከፍ አድርጉ፣ አይጥና ነቀዝ ፈትሹ።

ወረቀቷ

እስካሁን ካልኩት ሁሉ አንድ ብቻ ትሠራላችሁ ከተባለ ይህን ሥሩ። ዕቃውን ሳይሆን የሚያውቁትን ሰው አስቀድሙ። ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሽማግሌዎቹ ጨዋታ ላይ ሲሆኑ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጉና ዕቃውን መሀል አምጡት። «ታሪኩን ንገሩኝ» አትበሉ፤ ሰው በዚህ ይጠፋዋል። «ይሄን ማን ሰጠዎት?» በሉ። «ከእሳቸው በፊት የማን ነበር? ይሄ ስንጥቅ ምን ሆኖ ነው?» ዓመተ ምሕረት አያስታውሱም፣ አትጨቅጭቋቸው። «ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ነበረ ወይ?» በሉ፤ 1928 ነው። «ከስድሳ ስድስቱ በፊት ነው በኋላ?» በሉ።

ከዚያ ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር ፎቶ አንሡ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉድለቱን ጻፉ። የት ጋ ተሸርፏል፣ የት ጋ ተበይዷል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የዕቃ መመዝገቢያ ቅጽም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ሁለት ድሪ ከሩቅ አንድ ነው፤ ፖሊስ የተሰረቀን ዕቃ የሚለየው በስብራቱ ነው። ጽሑፉን በእርሳስ፣ በወረቀት ላይ ጻፉና አብሮ ይቀመጥ። ዕቃው ላይ አትለጥፉ። ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ላኩት።

ይህች ወረቀት አራቱንም ዋጋ ትነካለች። ቅርስ ባለሥልጣንም የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ሲመዘግብ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚገዛ ሰውም ከየት እንደመጣ የሚታወቅን ዕቃ ከማይታወቀው አብልጦ ይገዛል። ለልጅ ልጁ ደግሞ ሸክላውን ጀበና የምታደርገው እሷ ናት።

ማካፈል ላይም ትረዳለች። ድሪን ቆርጦ ለአምስት እህትማማቾች ማካፈል አለ፤ እኔ አልወደውም፣ ግን ቤቱ ያውቃል። የተሻለው፣ ዕቃው ታሪኩን በደንብ ለሚያውቀው ሰው ሄዶ፣ ለሰርግ ለክርስትና ሌሎቹም እየተዋሱት ቢኖሩ ነው። ድምፁና ፎቶው ለሁሉም ይደርሳል። ሌሎቹ በገንዘብ ይካሱ ከተባለ መነሻው የብሩ ክብደት ነው። የእማማን ፍቅር በብር እንተምን ከተባለ ግን ሽማግሌም አይፈታው።

የሚወስደው ከጠፋስ? ሙዚየም አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል እስከ ዛሬ ጠብቋል፤ ማስቀመጥ የሚያውቅ አገር ነው። የደሴ ሙዚየም ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል። ከእንግዲህ ዕቃ ለየትኛውም ተቋም ስትሰጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመዝገብ ቁጥሩ ያለበት፣ ማኅተም የተደረገበት ደረሰኝ ይሰጣችሁ። የሰጪው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለብሰው ወይም ይዘው የኖሩት ሰው ስም መዝገቡ ላይ ይግባ። የፎቶው አንድ ቅጂ ደግሞ ከእናንተ ዘንድ ይቅር።